ከረጢቱ ውስጥ ቫይታሚን አለ ወይስ የለም? ለመኖ ቁጥጥር ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የእንስሳት መኖና መድኃኒት ቁጥጥር የሥራ ኃላፊዎች፣
ግልባጭ፦ ለመኖ አቀነባባሪዎች፣ ለጫጩት አቅራቢዎችና ለዶሮ አርቢዎች በሙሉ
ጉዳዩ፦ በቫይታሚን እጥረት ስለሚሞቱና ሽባ ስለሚሆኑ ዶሮዎች

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በቢሾፍቱና በዙሪያዋ ዶሮ እያረባን የምንኖር ሰዎች ነን። አንዳንዶቻችን መቶ ዶሮ አለን፣ አንዳንዶቻችን ሺህ። አብዛኞቻችን የጀመርነው ጓሮ ውስጥ በተሠራች የቆርቆሮ ቤት ነው። ተደራጅተው ብድር የወሰዱ ወጣቶች አሉን። ልጆቻቸውን በእንቁላል ሽያጭ የሚያስተምሩ እናቶች አሉን። ጡረታ ከወጡ በኋላ ወደዚህ ሥራ የገቡ አባቶችም አሉን።

ያስጻፈን አንድ ውሳኔ ነው። ዶሮዎቻችን ጣታቸው እየተጠቀለለ፣ ዓይናቸው እየተጣበቀ፣ አንገታቸው እየተጣመመ ሲሞቱብን አቤቱታ አቅርበን ነበር። የመኖ ናሙና አስረክበናል። የታመሙትንና የሞቱትን ፎቶ አያይዘናል። የተሰጠን መልስ አጭር ነበር፦ «የአርቢዎች የአያያዝ ችግር ስለሆነ ሥልጠና ይሰጣቸው»። ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ። ሥልጠናውም አልመጣም። ናሙናችን የት እንደደረሰ እስካሁን የነገረን የለም።

እኛ የምንለው ደግሞ ይህ ነው። ዶሮዎቹን የጎዳቸው የቫይታሚን እጥረት ነው። እጥረቱ የመጣው በሙሉ ዋጋ ከገዛነው መኖና ፕሪሚክስ (መኖ ውስጥ ከሚቀላቀለው የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት) ነው። ያ መኖ ቫይታሚን ይኑረው አይኑረው የሚፈትሽልን አካል አላገኘንም።

«የአያያዝ ችግር» የሚለው ቃል ለምን እንዳስከፋን እናስረዳ። የገጠር ዶሮ ስትጭር ትውላለች። ቅጠል ትነጫለች፣ ትል ትለቅማለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች። ከቫይታሚኖቿ ብዙዎቹን ከዚያው ታገኛለች፤ ቫይታሚን ዲን ደግሞ ፀሐይ ቆዳዋ ላይ ታዘጋጅላታለች። እኛ ቤት ያለችው ቦቫንስ ወይም ሎማን ግን ሌላ ናት። ተዘግታ እየኖረች በዓመት 300 ገደማ እንቁላል እንድትጥል የተዳቀለች ዶሮ ናት። የምትበላው እኛ የሰጠናትን ብቻ ነው። እኛም የምንሰጣት ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ቤቱን ብናጸዳ፣ ውኃውን ብንቀይር፣ ክትባቱን በሰዓቱ ብንሰጥ፣ ከረጢቱ ውስጥ የሌለውን ቫይታሚን ከየት እናመጣለን?

ቫይታሚን በመኖ ውስጥ እንደ ወጥ ጨው ነው፤ መጠኑ ትንሽ ነው። ለአንድ ኩንታል መኖ የሚገባው ፕሪሚክስ አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ እስከ ግማሽ ኪሎ ነው። ልዩነቱ፣ ወጥ ጨው ሲጎድለው ቀምሰን እናውቃለን። መኖ ቫይታሚን ሲጎድለው የምናውቀው ዶሮዋ ስትወድቅ ነው።

አሁን ወደ ገጠመኞቹ እንሂድ። ስም አንጠራም፤ የማንንም ገበያ ለመዝጋት አልተነሣንም።

አንዲት እህታችን በብድር ገንዘብ የአንድ ቀን ጫጩት ተረከበች። በሁለተኛው ሳምንት ጫጩቶቹ በቁርጭምጭሚታቸው መሄድ ጀመሩ። የሁለቱም እግር ጣቶች ወደ ውስጥ ተጠቅልለዋል። ይበላሉ፣ ዓይናቸው ንቁ ነው፣ ግን መቆም አይችሉም። ሊያዩላት የመጡት ባለሙያ ከበር ላይ ሆነው «ማሬክስ ነው፣ አስወግጂያቸው» ብለዋት ሄዱ። ማሬክስ የሚባለው ዶሮን ሽባ የሚያደርግ የቫይረስ በሽታ ግን በዚያ ዕድሜ በእንዲህ ያለ መልክ አይመጣም። ብዙ ጊዜ የሚታየው ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው፤ ያኔም አንዱ እግር ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ነው። በዚህ ዕድሜ ሁለቱም እግሮች ላይ ጣት ወደ ውስጥ ሲጠቀለል በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ሪቦፍላቪን የሚባለው የቫይታሚን ቢ2 እጥረት ነው።

ደግነቱ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ጎረቤት ነበራት። አንዱን ጫጩት ከፍቶ የጭኑን ትልቅ ነርቭ አሳያት። አብጦና ለስልሶ ነበር። ቢ ኮምፕሌክስ በውኃ በጥብጣ ሰጠች። ገና ማንከስ የጀመሩት ተነሡ። ጣታቸው ከተጠቀለለ የቆየው ግን አልተነሡም፤ ነርቩ አንዴ ከተጎዳ ቫይታሚኑ ዘግይቶ ቢደርስ እግሩን አይመልሰውም። ባለሙያው ከበር ባይመለሱ ኖሮ ስንቶቹ ይተርፉ ነበር?

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትኖረው እናቷ አስኳሉ ውስጥ ባስቀመጠችላት ስንቅ ነው። የእናት ዶሮዎቹ መኖ ቢ2 ከጎደለው ብዙው ጽንስ ሳይፈለፈል እንቁላሉ ውስጥ ይቀራል። የተፈለፈለውም ባዶ ስንቅ ይዞ ይመጣል። እህታችን ይህን ስትሰማ ጫጩት አቅራቢውን ጠየቀች። «የስታርተር (የጫጩት መጀመሪያ) መኖሽ ነው» አላት። መኖ ሻጩን ጠየቀች። «ጫጩቶቹ ናቸው» አላት። ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደተናገረ የሚለይላት ሦስተኛ ወገን አጣች። ብድሩ ግን ወር ጠብቆ ይቆረጣል።

ሁለተኛው ገጠመኝ የሥጋ ዶሮ የሚያረቡ ጓደኛሞች ላይ የደረሰ ነው። ጫጩቶቹ ሦስተኛ ሳምንታቸውን እንደያዙ ሚዛን መጠበቅ አቃታቸው። ወደ ኋላ ይወድቃሉ፣ ጭንቅላታቸው ይጣመማል፣ በጀርባቸው ተኝተው እግራቸውን ያርገበግባሉ። ሰፈሩ በአንድ ቀን «ፈንግል ገባ» ብሎ ተናወጠ። አጎራባች አርቢዎች ደንግጠው ያልደረሰ ዶሯቸውን በወረደ ዋጋ ሸጡ። ጓደኛሞቹ ያላቸውን ብር ጨርሰው ክትባትና አንቲባዮቲክ ገዙ። ሞቱ አልቆመም። በመጨረሻ ከሞቱት የአንዱ ራስ ተከፍቶ ሲታይ የኋላው የአንጎል ክፍል አብጦ፣ ለስልሶ፣ ነጠብጣብ ደም ይዞ ተገኘ። ይህ የቫይታሚን ኢ እጥረት ዋና ምልክት ነው።

ምክንያቱን ማግኘት ከባድ አልነበረም። መኖው ውስጥ የገባው የኑግ ፋጉሎ ከርሞ የቆየ ነበር። ከረጢቱ ሲከፈት የተበላሸ ዘይት ሽታ ፊት ይመታል። ቫይታሚን ኢ ቅባት እንዳይበላሽ የሚከላከል ነገር ነው። ቅባቱ ሲበላሽ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ስለዚህ ፕሪሚክሱ በትክክል ቢጨመር እንኳ የተበላሸ ፋጉሎ ይበላዋል። ኑግ ፋጉሎና በቆሎ እርጥበት ካገኛቸው ደግሞ ሻጋታ ይይዛቸዋል። ከሻጋታው የሚወጣው አፍላቶክሲን ጉበትን ይጎዳል፣ በቅባት የሚሟሙትን ቫይታሚኖች ከአንጀት መመጠጥም ያውካል። በክረምት ይህ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል።

ሦስተኛው የዓይኑ ነገር ነው። በዚህኛው ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ብዙዎቻችንን የነካ ነውና።

አገራችን የሚበቅለው በቆሎ በአብዛኛው ነጭ ነው። ቢጫ በቆሎ ውስጥ ዶሮዋ ወደ ቫይታሚን ኤ የምትቀይረው ንጥረ ነገር አለ። በነጩ ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል። ፈረንጆቹ በቢጫ በቆሎ ያሰሉትን ቀመር በነጭ በቆሎ የሚሠራ ሰው ቫይታሚን ኤን በሙሉ ከፕሪሚክሱ መጠበቅ አለበት። ፕሪሚክሱ የሞተ ከሆነ ዶሮዋ ምንም መጠባበቂያ የላትም። መጀመሪያ እንቁላል ይቀንሳል። ቀጥሎ ዓይን ያለቅሳል፣ ያብጣል፣ እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገር ቋጥሮ ይጣበቃል። አፍንጫም ይፈሳል። ይህን ያየ ሁሉ «ጉንፋን ነው፣ ኮራይዛ ነው» ይላል፤ ኮራይዛ በባክቴሪያ የሚመጣ የዶሮ ጉንፋን ነው። መድኃኒት ቤት ስንሄድ ኦክሲቴትራሳይክሊን ይሰጠናል። ለጊዜው የተሻላት ይመስላል፤ ሳምንት ሳይሞላ ይመለሳል። ሌላ ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ይሰጠናል።

ሁለቱን ለመለየት ግን የሞተችውን ዶሮ ጉሮሮ ሰንጥቆ ማየት ብዙ ጊዜ ይረዳል። የቫይታሚን ኤ እጥረት ከሆነ የአፏና የጉሮሮዋ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ትናንሽ ነጫጭ እብጠቶች ተዘርተው ይታያሉ። ኩላሊቷም ነጭ ዝቃጭ ይዞ ያብጣል። ለዚህ ምላጭና አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሆኖም ከወረዳ የሚመጣልን ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ዶሮ አይከፍትም። ጓንት የለም፣ ጊዜ የለም፣ ትራንስፖርት የለም ይባላል። በእኛ በኩል ደግሞ እንቁላሉ ውስጥ ደም አገኘን የሚሉ ደንበኞች ትሪውን ይመልሱልናል። እሱም ከዚሁ እጥረት ጋር የሚያያዝ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ጉዳዩ የእኛ ኪሳራ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ላልነበረ ጀርም የተሰጠው አንቲባዮቲክ ወደ እንቁላሉ ይገባል። እንቁላሉ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። መድኃኒቱ ከዶሮዋ እስኪወጣ እንቁላል እንዳትሸጡ የሚለን ሻጭ እምብዛም አይገጥመንም፤ ቢለንስ የሁለት ሳምንት እንቁላል ጥሎ ብድር የሚከፍል ማን አለ? አንዳንዴ እንዲያውም «ቫይታሚን» ብለን የገዛነው እሽግ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ኦክሲቴትራሳይክሊን ተጽፎበት እናገኛለን። ጽሑፉም በማናነበው ቋንቋ ነው።

የአንድ አባታችንን ነገር ባጭሩ እንንገራችሁ። ሁዳዴ ላይ እንቁላል ፈላጊ ሲጠፋ መኖውን ችለው ዶሮዎቹን አቆዩ። ፋሲካ ሲቃረብ ዋጋው ሲነሣ ዛጎሉ እንደ ወረቀት ሳሳ። ከየትሪው ግማሹ ይሰበራል። «ኖራ ጨምሩ» ተባሉ፣ ጨመሩ። ለውጥ የለም። ቫይታሚን ዲ3 ከሌለ ካልሲየሙ ከአንጀት ወደ ደም አይገባም፤ የኖራው ድንጋይ ገብቶ ይወጣል። ዶሮዋም ዛጎሉን ለመሥራት ከራሷ አጥንት ትወስዳለች። በኋላ ላይ መቆም ያቃታቸው ለዚህ ነበር።

ኮክሲዲያ ለሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ የሚሰጥ መድኃኒትም አለ። አምፕሮሊየም ኮክሲዲያን የሚያዳክመው ቫይታሚን ቢ1ን መስሎ በመግባት ነው። መጠኑ ሲበዛ ወይም ቀኑ ሲረዝም የዶሮዋንም ቢ1 ይሻማል። እንዲህ የሆነች ዶሮ ጭንቅላቷን ወደ ጀርባዋ ቀልብሳ ሰማይ ሰማይ ታያለች። በማንኪያ ተሰፍሮ ያለመመሪያ ሲሸጥልን ይህን የነገረን የለም።

ስለ ቢ1 ካነሣን አይቀር፣ ይህ ዕውቀት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ክርስቲያን አይክማን የተባለ የኔዘርላንድ ሐኪም በጃቫ ደሴት የተፈተገ ሩዝ የሚበሉ ዶሮዎች ሽባ ሲሆኑ፣ ያልተፈተገ ሲሰጣቸው ሲድኑ አየ። በ1929 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። ቫይታሚን ኬም የተገኘው ዴንማርካዊው ሄንሪክ ዳም ቅባት የሌለው መኖ የሰጣቸው ጫጩቶች ሲደሙ ተመልክቶ ነው። የሰው ልጅ ስለ ቫይታሚን ብዙ የተማረው ከዶሮ ነው። እኛ ጋ ግን ዛሬም «ምን እንደነካቸው እንጃ» ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታችን። ከእኛ አንዳንዶቹ በራሳቸው ወጪ መኖ ወደ ላቦራቶሪ ወስደው ነበር። የተለካላቸው ፕሮቲን፣ እርጥበት፣ ፋይበርና አመድ ነው። ውጤቱ «ደህና ነው» ይላል። ቫይታሚኑስ ሲሉ «እሱን አንሠራም» ተባሉ። እንደሚገባን የእናንተም ውሳኔ የተመሠረተው በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ነው። ፕሮቲኑ ደህና ስለሆነ መኖው ደህና ነው፤ መኖው ደህና ከሆነ ጥፋቱ የአርቢው ነው። ያልተለካ ነገር እንዴት «አለ» ተብሎ ይፈረድበታል? የቫይታሚን ምርመራ ውድ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው እንደሚፈልግ እናውቃለን። ግን አልለካንም ማለትና ችግር የለም ማለት ይለያያሉ።

ለመለካት የሚያበቃ ምክንያት ደግሞ ሱቁ በር ላይ ተቀምጧል። ትልቁ የፕሪሚክስ ከረጢት ተከፍቶ በኪሎ በፌስታል ይቸረቸራል። ፌስታሉ ላይ ስም የለም፣ የተመረተበት ቀን የለም፣ የሚያበቃበት ቀን የለም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል። ቢ2ን ብርሃን ይገድለዋል፣ ቫይታሚን ኤን ሙቀት፣ አየርና ብርሃን ያጠፉታል። ኮሊን ክሎራይድና ማዕድናት አብረው በተቀላቀሉበት ፕሪሚክስ ውስጥ እርጥበት ሲገባ ጥፋቱ ይፈጥናል። ዋጋው ግን እንደ አዲስ ነው። ይህን ዱቄት ከዚያ በኋላ በአካፋ ነው የምንቀላቅለው፤ ግማሹ ዶሮ ብዙ ያገኛል፣ ግማሹ ምንም። ይህኛው የእኛ ድርሻ ነው፤ ሥልጠና ካለ እዚህ ላይ ይሁን።

በሽታ ሁሉ ከቫይታሚን ነው አላልንም። ፈንግልም አለ፣ ጉምቦሮም አለ፣ ኮክሲዲያም አለ። አንጀት በኮክሲዲያ ወይም በትል ሲጎዳ ጥሩ መኖም ቢሆን በአግባቡ አይመጠጥም። መኖ አቀነባባሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸውም አላልንም። ቀንና ቁጥር አትመው የሚሸጡ፣ ቅሬታ ስናመጣ ከረጢቱን የሚቀይሩልን አሉ። እነሱም ከፌስታል ቸርቻሪ ጋር በዋጋ መወዳደር አቅቷቸዋል።

ስለ እንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ወደ ዶሮ እርባታ የሚገባው ሰው በዝቷል። ከዶሮ ሥራ ወጪ ትልቁ መኖ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። አዲስ የሚገባው ሰው በዚያው ፌስታል እንዳይጀምር እንሰጋለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የተዘጋው አቤቱታችን እንደገና ይከፈት። ያስረከብነው ናሙና ምን እንደተለካለትና ምን እንዳልተለካለት በጽሑፍ ይነገረን። «የአያያዝ ችግር» የሚለው ውሳኔም የቫይታሚን ምርመራ እስኪደረግ ይነሣ።

ፕሪሚክስ በድንገት ከአስመጪውም፣ ከአቀነባባሪውም፣ ከሱቁም ናሙና ይወሰድበት። ሁሉንም ቫይታሚን መለካት ካልተቻለ ቶሎ በሚጠፉትና ብዙ ጉዳት ባየንባቸው በኤ፣ በኢና በቢ2 ይጀመር። ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ የክትባት ማምረቻ ተቋም አለ። ከእነዚህ ጋር ተነጋግሮ ምርመራው የት ሊሠራ እንደሚችል መወሰን የእናንተ ሥራ ነው። ውጤቱም ለአርቢው በግልጽ ይለጠፍ።

ፕሪሚክስ ተከፍቶ በፌስታል መሸጡ ይቁም። ለአነስተኛ አርቢ የሚሆን የአንድና የሁለት ኪሎ እሽግ ከነቀኑ ይዘጋጅ። ትልቁን ከረጢት ብቻ ግዙ ከተባልን ከፍለን አንችለውም፤ ክልከላው ያለ ትንሽ እሽግ ቢመጣ ፌስታሉ ጓሮ ይገባል እንጂ አይጠፋም።

ጫጩት አቅራቢዎች ከጫጩቱ ጋር ስለ ክትባቱ የሚሰጡትን ወረቀት ስለ እናት ዶሮዎቹ መኖም ይጨምሩበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጣት መጠቅለል ቢታይ ጉዳዩን አይቶ ኃላፊውን የሚለይ ገለልተኛ ባለሙያ ይመደብ። ጥፋቱ የአቅራቢው ወይም የመኖ ሻጩ ሆኖ ሲገኝም አርቢው የሚካስበት መንገድ ይቀመጥ።

በየወረዳው ያሉ ባለሙያዎች ጓንትና ምላጭ ይሰጣቸው፤ ዶሮ ከፍተው እንዲያዩም ይታዘዙ። አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት ዱቄት «ቫይታሚን» ተብሎ እንዳይሸጥ ይደረግ። የመድኃኒት መመሪያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍልን።

የቀረውን ናሙና አሽገን በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠነዋል። በፈለጋችሁበት ቀን እናስረክባለን። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአነስተኛ ዶሮ አርቢዎች ተወካይ
ቢሾፍቱ